በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ካሳ እንዴት ይጠይቃል? ከትራፊክ ፕላን እስከ አፈጻጸም

ፍሬነገር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና የገጨው ሰው ወይም ቤተሰቡ «ኢንሹራንሱ ይህን ያህል ሰጠን፣ ጉዳዩ አለቀ» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው። አላለቀም። ይህን ክር የከፈትኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ (መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው ባለመኪናው በግዴታ የሚገባው መድን) የሚከፍለው ጣሪያ ተበጅቶለት ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት እስከ 100,000፣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ወስኖ ነበር። መጠኑ ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራበትን ጣሪያ ከኢንሹራንሱ በጽሑፍ ጠይቁ። ጣሪያው የኢንሹራንሱን ዕዳ ይገድባል እንጂ የተጎጂውን መብት አይገድብም። ከዚያ በላይ ያለው ጉዳት በመኪናው ባለቤት ላይ ይቀራል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ከዚህ የሚያመልጠው አደጋው በደረሰበት ሰዓት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። «ፍሬን በጠሰ»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ማስቀረት አይቻልም ነበር» የሚሉት መልሶች በቁጥር 2086 መሠረት አያድኑትም። የሚረዳው የተጎጂውን ጥፋት ማስረዳት ነው፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ ከሆነ ካሳው በዚያው ልክ ይወድቃል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ ተጎጂው የአሽከርካሪውን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ማስረዳት ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ መኪናው ይህ መሆኑን፣ ባለቤቱ ይህ ሰው መሆኑን፣ ጉዳቱ በዚህ መኪና የደረሰ መሆኑንና መጠኑን።

ክስ የማቅረቢያው ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ (ቁጥር 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ከዚህ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ ተማምኖ መዘግየት የሚመከር አይደለም። ሁለት ዓመት ብላችሁ ቁጠሩ።

ነርስ ከድንገተኛ ክፍል

ፍሬነገር ጥሩ ጀምረሃል። እኔ ከሆስፒታል በኩል ያለውን ልጨምር፤ ብዙው ክስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። የመንግሥትም ሆነ የግል ጤና ተቋም የትራፊክ ተጎጂን «መጀመሪያ ብር አስይዙ» ብሎ መመለስ አይችልም፤ አዋጁ ድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ተጎጂውን ያመጣው ሰው ካርድ ሲያወጣ «የትራፊክ አደጋ» ብሎ ማስመዝገብ አለበት። «ወደቀ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፣ የተከሳሽ ጠበቃም መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

ስም! መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው «ያልታወቀ» ተብሎ ካርድ ይወጣለታል፤ ቤተሰብ ሲደርስ በዚያው ዕለት ካርዱን ወደ እውነተኛ ስሙ ማስቀየር ይገባል። «አብርሃም» እና «አብረሃም» የሚለው ልዩነት እንኳ በኋላ የወረዳ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የራጅና የሲቲ ስካን ፊልሞችን አትጣሉ። ከሆስፒታል ሲወጣ የመውጫ ማጠቃለያ ጠይቁ። ከውጭ ፋርማሲ የተገዛ መድኃኒት፣ ክራንች፣ የአጥንት ብረት፣ ደም ማቅጠኛ፣ ሁሉም ሕጋዊ ደረሰኝ ከነማዘዣው ወረቀት አብሮ ይያዝ። ማዘዣ የሌለው ደረሰኝ «ለዚህ ጉዳት ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ተብሎ ይወድቃል። የሙቀት ማተሚያ ደረሰኞች በጥቂት ወራት ውስጥ ጽሑፋቸው ይጠፋል፣ በዚያው ሳምንት ኮፒ አድርጉና ፎቶ አንሷቸው።

ሳሪስ

እህታችን ነርስ አመሰግናለሁ። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን የሚባለው ምንድን ነው? ተጎጂው ሊያገኘው ይችላል?

ፍሬነገር

ፕላኑ ትራፊክ ፖሊሱ በቦታው ላይ የሚያነሳው ንድፍ ነው። የመንገዱ ስፋት፣ መኪናው የቆመበት ቦታ፣ የፍሬን ምልክት ርዝመት፣ ተጎጂው የወደቀበት ነጥብ፣ የእግረኛ ማቋረጫ መኖር አለመኖሩ ይለካበታል። የተጎጂው ወገን በቦታው ካለ ልኬቱ ሲወሰድ ይከታተል፣ ምስክሮችን ስማቸውንና ስልካቸውን ይያዝ፣ ከተቻለ መኪናው ሳይነሳ ፎቶ ያንሳ። ታርጋውን ከፊትና ከኋላ፣ የመስታወቱን ስቲከር (የኢንሹራንሱ ድርጅት ስም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው) እና የአሽከርካሪውን መንጃ ፈቃድ ማንሳት ከሁሉም ይጠቅማል።

ፖሊስ ሰነዱን በቀጥታ ለግለሰብ ላይሰጥ ይችላል። ይህ አያስጨንቅ። በክሱ ማስረጃ ዝርዝር ላይ «በእገሌ ፖሊስ መምሪያ መዝገብ ቁጥር ይህ የሚገኝ» ብላችሁ ትጠቅሱና ፍርድ ቤቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት እንዲያስቀርበው ታመለክታላችሁ። ስለዚህ ቢያንስ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ሊብሬው (የመኪናው ባለቤትነት ደብተር) በማን ስም እንደሆነም በዚሁ መንገድ ከመንገድ ትራንስፖርት ይጠየቃል።

ታረቁ_24

አንድ የተለመደ ነገር ልጠይቅ። ባለመኪናው ሽማግሌ ልኮ «50,000 ብር ልስጥና ክሱ ይቅር» ሲል ቤተሰብ ብሩ ስለሚቸግረው ይቀበላል። ከዚያ በኋላ በሕግ መጠየቅ ይቻላል?

ባለሚዛን

የፈረመው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ካለ እርቅ ነው፤ እርቅ ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይታያል። ለማፍረስ የሚቻልበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

ዕርቁን አልቃወምም፣ ባህላችን ነው፣ ብዙ ጊዜም ከፍርድ ቤት ይልቅ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን ሕክምናው ሳያልቅ የመጨረሻ ወረቀት አትፈርሙ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የሚጥል በሽታ ከወራት በኋላ ሊጀምረው ይችላል። የዳሌ ስብራት የደረሰበት ሰው መገጣጠሚያ ማስቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። አሁን ብር ከቸገረ ወረቀቱ እንዲህ ይጻፍ፦ «ለሕክምና ወጪ ቅድሚያ የሚሆን 50,000 ብር ተቀብያለሁ። ይህ ገንዘብ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ላይ ይታሰባል። ቀሪ መብቴ የተጠበቀ ነው።» ሽማግሌዎችም ይህን ቢሉ አያፍሩበትም፣ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

የኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚያስፈርሙት የክፍያ ማረጋገጫም እንዲሁ ነው። ከሦስተኛ ወገን ጣሪያ ላይ ሲከፍሉ ወረቀቱ ባለቤቱንም ጭምር ነጻ የሚያወጣ ሆኖ ይመጣል። «በኢንሹራንሱ ላይ ያለኝን ብቻ» የሚል ቃል አስጨምሩ። እምቢ ካሉ ሳትፈርሙ ውጡና ጠበቃ ጠይቁ።

ሳሪስ

ካሳው እንዴት ይሰላል? ቁጥር ያለው ምሳሌ ብታሳዩን።

ባለሚዛን

በአራት ከፍለህ አስበው፦ ያወጣኸው ወጪ፣ ያጣኸው ገቢ፣ ወደፊት የምታጣው ገቢና የምታወጣው ወጪ፣ የሞራል ካሳ።

አንደኛው ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው ከሥራ የቀረህበት ጊዜ ነው፤ ለተቀጣሪ ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ የደመወዝ ደብዳቤ፣ ለነጋዴ የግብር ማስታወቂያ። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ይቸገራል፦ ለገቢዎች የተነገረው ትንሽ፣ ለፍርድ ቤት የሚነገረው ትልቅ ሲሆን ዳኛው የሚያምነው ለገቢዎች የተነገረውን ነው። የቀን ሠራተኛ፣ ጉልት የምትቸረችር እናት፣ ሊስትሮ ያሉት ደግሞ የሚያስረዱት በምስክር ነው፤ የገቢው ልክ በትክክል ካልታወቀ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ (ፍትሐዊ ነው ባለው ግምት) እንዲወስን ይፈቅዳል። ስለዚህ «ደመወዝ ስለሌለኝ ካሳ የለኝም» አትበሉ።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሕክምና ቦርድ (ጉዳቱን የሚመዝን የሐኪሞች ቡድን) የቋሚ ጉዳት መጠን በመቶኛ ይሰጣል። ወር 9,000 ብር የሚያገኝ የ30 ዓመት ግንበኛ 25 በመቶ ቋሚ ጉዳት ደረሰበት እንበል። በዓመት 108,000 ብር ነው። የዚህ 25 በመቶ 27,000 ብር። እስከ 60 ዓመቱ 30 ዓመት ይሠራ ነበር ብለን ብናባዛ 810,000 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤት ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል ከዚህ ሊቀንስ ይችላል፣ ጠያቂው ግን ስሌቱን ግልጽ አድርጎ ማቅረብ አለበት። ከሦስተኛ ወገን ጣሪያ ጋር አስተያዩት። ፍሬነገር «አላለቀም» ያለው ይኸው ነው።

ለአንድ ግንበኛ የእጅ 25 በመቶና ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ የእጅ 25 በመቶ አንድ አይደለም። የቦርዱ ቁጥር የአካል ቁጥር ነው። ሰውዬው ጨርሶ ሙያውን ያቆመ ከሆነ ይህን በምስክርና በባለሙያ ለይታችሁ አስረዱ፤ መቶኛውን ብቻ ይዞ መቅረብ ትልቅ ገንዘብ ያስቀራል።

ወደፊት የሚወጣ ወጪም ይጠየቃል። ቁጥር 2092 መድረሱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። አጥንት ውስጥ የገባውን ብረት ማስወጫ ቀዶ ሕክምና ዋነኛው ምሳሌ ነው። ሐኪሙ «ብረቱ መውጣት አለበት፣ ወጪው በግምት ይህን ያህል ነው» ብሎ ካልጻፈ ግን ማንም አይከፍላችሁም።

የሞራል ካሳው... ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። በ1952 ዓ.ም. ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር። ዛሬ እግሩን ላጣ ሰው 1,000 ብር መፍረድ ያሳፍራል፤ ሕጉ መሻሻል አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። እስኪሻሻል ድረስ ግን 500,000 ብር የሞራል ካሳ ብሎ የዳኝነት ክፍያ መክፈል ኪሳራ ነው።

ነርስ ከድንገተኛ ክፍል

ቦርድን በተመለከተ፦ ቸኩሎ መሄድ ይጎዳል። አጥንቱ ሳይገጥም የሄደ ሰው «ሕክምናው ስላላለቀ በኋላ ይመለስ» ይባላል፣ ወይም ዝቅተኛ መቶኛ ይዞ ይመለሳል። ቦርድ የሚሄደው በፍርድ ቤት፣ በፖሊስ ወይም በሚመለከተው አካል ደብዳቤ ነው። ሁሉንም የሕክምና ሰነድ በቀን ቅደም ተከተል አደራጅታችሁ ውሰዱ። የሁለት ዓመቱ ይርጋ እየደረሰ ሕክምናው ካላለቀስ?

ፍሬነገር

ጥሩ ጥያቄ። ክሱን በጊዜው ክፈቱ፣ የቦርዱ ውጤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ጠይቁ። ቦርዱን እየጠበቁ ይርጋን ማሳለፍ የማይድን ጥፋት ነው። ኢንሹራንሱ በቃል «እያየነው ነው፣ ነገ ተመለስ» ማለቱ ይርጋውን አያቆመውም። የሚረዳው ዕዳውን ማመኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ወይም ክፍያ ነው። ለዚህ ነው ማንኛውም ጥያቄ በደብዳቤ ገብቶ ኮፒው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር መቀበል ያለበት።

መኪናው_አመለጠ

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ቢሆንስ? ወይም ኢንሹራንስ የሌለው?

ባለሚዛን

ለዚህ የተቋቋመው የመድን ፈንዱ ነው፣ አሁን የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት የሚባለው። ያልታወቀ መኪና ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለገጨው ሰው የአካል ጉዳትና የሞት ካሳ የሚከፍለው እሱ ነው። የሚጠይቃችሁ ዋናው ሰነድ መኪናው አለመታወቁን ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ነው። በዚህ ምክንያት «መኪናው ስላመለጠ ፖሊስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳያመለክቱ መቅረት ካሳን በገዛ እጅ መተው ነው። በዚያው ዕለት አስመዝግቡ። ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ባለቤት ግን ነጻ አይወጣም፣ ፈንዱ ከከፈለው በላይ ያለውን ከእሱ ትጠይቃላችሁ።

ሾፌሩ

እኔ በሌላው ወገን ልጠይቅ። ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ማን እንዳጠፋ ካልታወቀ?

ፍሬነገር

ቁጥር 2084። ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፣ ጠቅላላ ጉዳቱን በግማሽ ይሸከማሉ። ያንተ መኪና 300,000 ብር ከተጎዳ፣ የሌላው 100,000 ብር ከተጎዳ፣ ድምሩ 400,000 ነው፤ ለእያንዳንዱ 200,000። ስለዚህ እሱ ላንተ 100,000 ብር ይከፍልሃል። አንደኛው ጥፋተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ግምቱ ይቀራል። የፕላኑ ጥቅም እዚህም ነው።

በአንደኛው መኪና ተሳፍሮ የነበረ ሰው ግን ጉዳዩ ከትራንስፖርት ውል ጋር ይያያዛል፣ ትኬቱን ወይም የተሳፈረበትን የሚያውቅ ምስክር ይያዝ፤ ጠበቃው ከመጀመሪያው ለይቶ ማየት አለበት።

ታረቁ_24

አሽከርካሪው በወንጀል ነጻ ከተባለ ካሳው ይቀራል ማለት ነው?

ባለሚዛን

አይቀርም። ቁጥር 2149 የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀል ነጻ መባሉ አያስገድደውም ይላል። ከላይ እንደተባለው የባለቤቱ ኃላፊነት ያለጥፋትም ይቆማል። የወንጀሉን ፍርድ እየጠበቁ ሁለት ዓመት የሚያሳልፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ መጠበቅ አያስፈልግም። በወንጀሉ ችሎት ላይ ካሳ እንዲወሰን ማመልከትም ይቻላል፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ወደ ፍትሐ ብሔር ይመልሰዋል። እኔ የምመርጠው የተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው።

አዲስ_እናት

ሰው ከሞተ ካሳውን የሚጠይቀው ማን ነው? ወራሽነት ማሳወጅ ይበቃል?

ፍሬነገር

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ አንብቡት። በቁጥር 2095 መሠረት የሚጠይቁት የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ ልጆች ናቸው፤ የሚጠይቁትም በራሳቸው ስም፣ ሟቹ ይሰጣቸው የነበረውን መተዳደሪያ ስላጡ ነው። ካሳው ውርስ አይደለም። ስለዚህ በሟች ዕዳ አይያዝም፣ ወንድምና እህትም በወራሽነት ወረቀት ብቻ አይካፈሉትም። የሚያስፈልገው የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅነት ማስረጃ፣ የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሟቹ ለእያንዳንዳቸው በወር ምን ያህል ይሰጥ እንደነበር የሚያስረዳ ምስክር ወይም የባንክ ደረሰኝ ካለ መጠኑን የሚወስነው እሱ ነው። የቀብርና የሟች ሕክምና ወጪ ለብቻው ይጠየቃል።

ሾፌሩ

በሥራ ላይ እያለ የተገጨ ሠራተኛስ? ለምሳሌ ዕቃ አድራሽ።

ባለሚዛን

ሁለት መብት አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ያለጥፋትም ኃላፊ ነው፦ የሕክምና ወጪ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀጣዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። አሠሪው ስለከፈለ የገጨው መኪና ባለቤት ነጻ አይወጣም። አንዱን ደረሰኝ ግን ሁለት ቦታ ማስከፈል አይቻልም፤ ከየትኛው ምን እንደተከፈለ ለይታችሁ ጻፉ።

ሳሪስ

ክስ ሲመሠረት እነማን ይከሰሳሉ? መኪናው በውክልና የተሸጠ ከሆነስ?

ፍሬነገር

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው መከሰስ አለበት። በውክልና ሸጦ ስም ያላዛወረ ሰው «ሸጫለሁ» ብሎ ይከራከራል፣ ክርክሩም ዓመት ይበላል፤ ስለዚህ በመዝገብ ላይ ያለውንም፣ መኪናውን በእጁ ይዞ የሚጠቀምበትንም አብራችሁ ክሰሱ። አሽከርካሪው ጥፋተኛ ከሆነ እሱም ይጨመራል። ባለቤቱ በበኩሉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 ኢንሹራንሱ እንዲገባለት ያመለክታል። (ባለመኪኖች፦ ስም ሳይዛወር መኪና መሸጥ ነገ በማታውቁት አደጋ መከሰስ ነው።)

ከክሱ ጋር ደግሞ ከቁጥር 151 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት መኪናው እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ እግድ ጠይቁ። አይሱዙም ሆነ ሚኒባስ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ብቸኛ ንብረት ነው። ፍርድ ተፈርዶ ንብረት ሲፈለግ መኪናው በአጎት ልጅ ስም ከዞረ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እግዱ ሲገኝ ለትራንስፖርት ቢሮው ደብዳቤው መድረሱንና መመዝገቡን ራሳችሁ ተከታተሉ።

የዳኝነት ክፍያ አቅም የሌለው በድሃ ደምብ ለመክሰስ ከቁጥር 467 ጀምሮ ባለው መሠረት ያመለክታል፣ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የአቅም ማስረጃ ይዞ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ ክስም ይጽፋሉ።

ከዋሽንግተን

ወንድሞች፣ ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ወላጁ አገር ቤት በመኪና ሲሞት ከዚህ ሆኖ መክሰስ ይችላል?

ባለሚዛን

ይችላሉ፣ በውክልና። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት መክሰስና መታረቅ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ፤ «ክስ እንዲመሠርት፣ እንዲከራከር፣ ይግባኝ እንዲል፣ እንዲታረቅ፣ ካሳውን እንዲቀበል» ተብሎ በዝርዝር ይጻፍ። እንዲታረቅልዎ የማይፈልጉ ከሆነ ደግሞ ያንን ቃል ያስወጡት፣ አለበለዚያ ተወካዩ በአነስተኛ ገንዘብ ሊዘጋው ይችላል።

አዲስ_እናት

ከተፈረደ በኋላ ባለቤቱ ካልከፈለስ?

ፍሬነገር

የአፈጻጸም ክስ ይከፈታል፣ በተለየ መዝገብ። ማመልከቻው ላይ የፍርዱ መዝገብ ቁጥር፣ የተፈረደው ገንዘብ፣ እስካሁን የተከፈለው፣ የሚያዘው ንብረት ዝርዝር ከነታርጋው፣ ከነቤቱ አድራሻ ይጻፋል። ንብረቱን ፈልጎ የሚያሳየው ፈራጁ ሳይሆን ፍርድ ያገኘው ሰው ነው። የደመወዝ ተቀጣሪ ከሆነ ከደመወዙ እንዲቆረጥ፣ ነጋዴ ከሆነ የባንክ ሂሳቡ እንዲጣራ ይጠየቃል። ይርጋው 10 ዓመት ነው (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 384)፣ ስለዚህ ዛሬ ንብረት ባይኖረውም መዝገቡን ዘግታችሁ አትጣሉት፤ ነገ ሌላ መኪና ሲገዛ ታስይዙታላችሁ።